ሳልመርጠው ጂኦሎጂ ደረሰኝ

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ፍሬሽማን ስጨርስ አንደኛ ምርጫዬ አድርጌ የሞላሁት ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ነበር። ነጥቤ ስላልደረሰ ጂኦሎጂ ተመደብኩ። አስቤው የማላውቅ ትምህርት ነው። በዚህ ሴሚስተር የጂኦሎጂ መግቢያ ኮርስ እየወሰድን ነው። ስቸክል እያደርኩ ሚድ ላይ ከ30 9 አመጣሁ። የማዕድናትን ጥንካሬ በደረጃ የሚያስቀምጠውን የሞህስን ስኬል ከ1 እስከ 10 በቃሌ እወጣዋለሁ። ላብ ገብቼ ድንጋዮቹን ሳያቸው ግን ሁሉም አንድ ይመስሉኛል። ቃላቱ አያልቁም፤ ሁሉም እንግሊዝኛ፣ ሁሉም አዲስ። መምህሩ ስለ ሚሊዮንና ቢሊዮን ዓመት ሲያወራ ደግሞ ‹ማን ቆጥሮት ነው?› እያልኩ ሐሳቤ ይበተናል።

የቤቱ ደግሞ ይብሳል። አባቴ ቢሾፍቱ ውስጥ የገልባጭ መኪና ሹፌር ነው። ቀይ አሽና ጠጠር ነው የሚጭነው። ጂኦሎጂ እንደደረሰኝ ስነግረው ትንሽ ዝም አለና ‹እኔ ድንጋይ የምጭነው አንቺ ከድንጋይ እንድትርቂ ነበር› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርቴ ጠይቆኝ አያውቅም። የዶርም ልጆችም ‹የድንጋይ ካባ ልትገቢ ነው?› እያሉ ይስቃሉ።

በሚቀጥለው ወር ወደ ዓባይ በረሃ ፊልድ ትወጣላችሁ ተብለናል። ከባቹ ውስጥ ሴቶች አምስት ብቻ ነን። ፈርቻለሁ። ዲፓርትመንት ልቀይር ወይስ ልቀጥል? ለፊልዱስ ውድ ቡት ጫማ መግዛት የግድ ነው?

ድንጋይ የደረሰኝ»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ከቢሾፍቱ መሆንሽን በአንድ መስመር አለፍሽው። እኔ ግን እዚያ መስመር ላይ ቆምኩ።

ሆራ፣ ባቦጋያና የቢሾፍቱ ሐይቅ የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው። ከታች የሚወጣ ቅልጥ ድንጋይ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎቱ መሄጃ ሲያጣ መሬቱን በርቅሶ ይወጣል። ከፍንዳታው የቀረው ጉድጓድ ቀስ በቀስ ውሃ ሞላበት። ልጅ ሆነሽ ወደ ሐይቁ ስትወርጂ ገደሉ ላይ የተነባበረ መስመር አይተሽ ይሆናል። አመድ፣ ጠጠር፣ እንደገና አመድ፣ መሐል ላይ የተሰካ ትልቅ ድንጋይ። ፍንዳታው የበተነው ነው። መጽሐፍሽ እንዲህ ዓይነቱን ጉድጓድ ማአር ይለዋል። ሌላው ተማሪ በሥዕል የሚያየውን ነገር አንቺ ዳሩ ላይ ሆነሽ ነው ያደግሽው።

እኔም ጂኦሎጂን መርጬ አልገባሁም። ተመድቤ ነው። ከተመረቅኩ በኋላ ለብዙ ዓመታት የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ ሠርቻለሁ። ስለዚህ የምነግርሽ ካለፍኩበት ነው።

ከ30 9 ያመጣሽው ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም። ችከላው ነው የጎዳሽ። የእኔን የመጀመሪያ የላብ ፈተና ልንገርሽ። ጠረጴዛው ላይ 12 ድንጋይ ተደርድሯል። ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ። እኔ ሰንጠረዡን አንድም ሳይቀር ሸምድጄዋለሁ። ነጭ ሆኖ የሚያብረቀርቀውን ሁሉ ኳርትዝ ብዬ ጻፍኩ። ነጭ ድንጋይ አራት ነበር። ኳርትዝ የነበረው አንዱ ብቻ ነው። ፈተናው ሲያልቅ የላብ ቴክኒሻኑ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው፣ አስቀሩኝ። «ልጄ፣ ስሙን ለጊዜው እርሺው። መጀመሪያ ጫሪው» አሉኝ። አንድ ሚስማርና አንድ የጠርሙስ ስባሪ ሰጡኝ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የተማርኩትን ሴሚስተሩን ሙሉ አልተማርኩትም።

ሞህስም ያደረገው ይህንኑ ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሞህስ እ.ኤ.አ. በ1812 ድንጋይን በድንጋይ እየጫረ የትኛው የትኛውን እንደሚያቆስል አየና በቅደም ተከተል አስቀመጣቸው። ከታልክ ጀምሮ አልማዝ ላይ ያልቃል። ቁጥሩ ወረፋ ነው፤ መለኪያ አይደለም። 9ኛ በሆነው ኮረንደምና 10ኛ በሆነው አልማዝ መካከል ያለው ልዩነት ሌሎቹ እርስ በርስ ካላቸው ልዩነት እጅግ ይሰፋል። አንቺ ዝርዝሩን ይዘሻል፤ ጭረቱን ግን በእጅሽ አላየሽውም። ለዚህ ነው ሁሉም አንድ የመሰሉሽ።

ስለዚህ ላብ ስትገቢ እንዲህ አድርጊ። ድንጋዩን በጥፍርሽ ጫሪው። ከተጫረ ከጂፕሰም የጠነከረ አይደለም፤ የጥፍር ጥንካሬ 2.5 ያህል ነው። ጥፍር እምቢ ብሎት ሚስማር ከጫረው ካልሳይት ወይም ፍሎራይት ሊሆን ይችላል። ሚስማሩም ሳይጭረው ቀርቶ ድንጋዩ ራሱ ጠርሙሱን ከጫረ ኳርትዝን አስቢ። ቀጥሎ አሰባበሩን ተመልከቺ። ካልሳይት ሲሰበር ገጹ ለስላሳ፣ ቅርጹ እንደተገፋ ሳጥን ያጋደለ ነው። ኳርትዝ እንደ ጠርሙስ ቂጥ ጎድጎድ ብሎ ይሰበራል። የወጥ ቤት ጨው ፍሬ በስልክሽ ካሜራ አጉልተሽ እዪ፤ ትንንሽ ኩብ ታያለሽ።

ለቀለም ደግሞ ዓይንሽን አትመኚ። የወለል ሴራሚክ ስባሪ ከግንባታ ቦታ ለምኚ፤ ጀርባው፣ ያልተለበጠው በኩል፣ ለላብ የሚገዛውን ሰሌዳ ይተካል። ማዕድኑን እሱ ላይ አስምሪበት። ሄማታይት ላዩ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ሊሆን ይችላል። መስመሩ ግን በርበሬ ነው የሚመስለው። አሲድ ከሌለ አቼቶ ይሠራል። ካልሳይቱን በሚስማር ፍቂና ዱቄቱ ላይ ጠብ አድርጊበት፤ አረፋ ያወጣል። ዱቄት ካልሆነ አቼቶው ደካማ ስለሆነ አረፋው ብዙም አይታይሽም፤ ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይታለላል።

አንድ ጓደኛ ያዢና የላብ ቴክኒሻኑን ቅዳሜ ጠዋት እንዲከፍትላችሁ ለምኑት። ድንጋዮቹን ፌስታል ውስጥ ክተቱና እያወጣችሁ ተጠያየቁ። ስም ከመጥራታችሁ በፊት ሦስት ያያችሁትን ነገር መናገር ግዴታ ይሁን። «ጠርሙስ ይጭራል፣ አሰባበሩ ጎድጓዳ ነው፣ አቼቶ አይነካውም፤ ስለዚህ ኳርትዝ።» ሁለት ቅዳሜ በቂ ነው።

ስለ ቃላቱ ደግሞ ልንገርሽ፤ ብዙዎቹን ቤት ውስጥ ታውቂያቸዋለሽ። ጂፕሰም የጀሶ ድንጋይ ነው፤ ኮርኒስ የሚሠራበት፣ ክንድ ሲሰበር የሚታሰርበት። ድንጋዩ ሲጠበስ በውስጡ ያለው ውሃ አብዛኛው ይወጣና ዱቄት ይሆናል። ውሃ ሲነካው መልሶ ይጠጥራል። ላይምስቶን ተቃጥሎ ኖራ የሚወጣው ድንጋይ ነው። የሙገር ሲሚንቶም የሚሠራው ከእሱ ነው። ሃላይት አሞሌ ነው። ኦብሲዲያን ባልጩት ነው። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ መልካ ቁንጡሬ ዘንድ፣ ባልጪት የሚባል ቦታ አለ። የጥንት ሰዎች መሣሪያ የሚሠሩበትን ባልጩት ያገኙበት ነበር። ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. ሁለቱን አንድ ላይ በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። እኛ እኮ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ቦታውንም በድንጋዩ ስም ስንጠራ ኖረናል።

ደብተር ግዢና ገጹን ሦስት ቦታ ክፈዪው። በመጀመሪያው የእንግሊዝኛውን ቃል ጻፊ፤ በሁለተኛው ሰው የሚጠራበትን ስም፤ በሦስተኛው አንቺ የት እንዳየሽው። ሁለተኛው አንዳንዴ ባዶ ይቀራል፤ ችግር የለም። ሦስተኛውን ግን ባዶ አትተዪ። «የሆራ መውረጃ፣ በስተግራ ያለው ገደል» ብለሽ የጻፍሽበት ቃል አይጠፋብሽም።

ስለ ድንጋይ አፈጣጠርም እንዲሁ ነው። አባትሽ የሚጭኑት ቀይ አሽ መጽሐፍሽ ውስጥ ስኮሪያ ተብሎ ተጽፏል። አንድ ቁራጭ አንሺና እዪው። ቀዳዳው የእንጀራ ዓይን ነው። ሊጡ ምጣድ ላይ ሲያርፍ በውስጡ ያለው ጋዝ እየፈነዳ ይወጣል፤ ሲበስል ቀዳዳው እንደተከፈተ ይቀራል። ቅልጥ ድንጋይም ወደ ላይ ሲወጣ ጫናው ይቀንስለታል። የሟሟበት ጋዝ አረፋ ይሆናል። ድንጋዩ ሲጠጥር የአረፋው ቦታ ክፍት ሆኖ ይቀራል። የቀላው ደግሞ ውስጡ ያለው ብረት ገና በትኩሱ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ስለዛገ ነው። አየሽ፣ አንድ ቁራጭ ድንጋይ ጋዝ እንደነበረበት፣ ሲወጣ ትኩስ እንደነበረ፣ አየር እንዳገኘው ነገረሽ። ኢግኒየስ የሚለውን፣ ከቅልጥ ስለሚፈጠር ድንጋይ የሚያወራውን ምዕራፍ፣ ግማሹን አነበብሽው ማለት ነው።

የቀረው ግማሽ የቅዝቃዜ ጉዳይ ነው። መሬት ውስጥ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ትልልቅ ፍሬ ያበጃል፤ ግራናይትን እዪ። ወጥቶ ፈጥኖ የቀዘቀዘ ፍሬው በዓይን አይለይም፤ ባዛልትን እዪ። ፍሬ ለማበጀት ጭራሽ ጊዜ ያላገኘው ብርጭቆ ሆኖ ይቀራል፤ እሱ ባልጩት ነው።

ሲሊካ፣ ኳርትዝ የተሠራበት ነገር፣ ቅልጡን ያወፍረዋል። ሲሊካ የሚበዛበት ቅልጥ ለምን ይፈነዳል የሚለውን ደግሞ ከሽሮ ተማሪ። ቀጭን ሽሮ ጸጥ ብሎ ይፈላል። ወፍራም ሽሮ ግን አረፋው መውጫ ስለሚያጣ ፈንድቶ ግድግዳውን ያለብሰዋል። ኤርታ አሌ ላይ ቅልጡ እንደ ሐይቅ ተኝቶ ሰው ለብዙ ዓመታት ዳሩ ቆሞ አይቶታል። በዚያው ሰንሰለት ያለው ሃይሊ ጉቢ ግን ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም ህንድ ድረስ ደርሷል። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው። ለምን እንዲህ ተለያዩ ብለሽ ስትጠይቂ ነው ሲሊካና ጋዝ የሚሉት ቃላት ነፍስ የሚዘሩት።

«ማን ቆጥሮት ነው?» ያልሽው ደግሞ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ክፍል ውስጥ እጅሽን አውጥተሽ ጠይቂው እንጂ በሆድሽ አትያዢው። መልሱ ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ቅደም ተከተል ነው። መሶብ ውስጥ ከተነባበረው እንጀራ መጀመሪያ የተጋገረው ከታች ያለው ነው። ካልተገለበጠ በስተቀር። የሚቀጥለው ወር ፊልድሽ ይህንን ያሳይሻል። ጎሃ ጽዮን ላይ ስትቆሚ ከእግርሽ ሥር ያለው ባዛልት ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አገሩን ካለበሰው የቅልጥ ጎርፍ የመጣ። ወደ ደጀን የሚወስደውን መንገድ ይዘሽ ስትወርጂ ላይምስቶን ይመጣል። በውስጡ የባሕር እንስሳት ቅሪት ታገኛለሽ። እዚያ ባሕር ነበር፤ በጁራሲክ ዘመን። ከእሱ ሥር ጂፕሰም አለ፤ ጥልቀት የሌለው የባሕር ውሃ ሲተን የቀረ። ከሁሉም በታች፣ ወደ ወንዙ ስትጠጊ፣ አሸዋ ድንጋይ። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ስትወርጂ የምታነቢው ታሪክ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ የባሕር ቅርፊት ከድንጋይ ውስጥ ስነቅል እጄ ተንቀጥቅጧል። ዓባይ ሸለቆ ውስጥ፣ ባሕር።

ሁለተኛው ቁጥሩ ነው። የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ፖታሺየም አለ። ከፖታሺየሙ አንዱ ዓይነት እጅግ በዝግታ፣ ግን በታወቀ ፍጥነት፣ በከፊል ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። ቅልጡ ትኩስ ሳለ አርጎኑ ያመልጣል። ከጠጠረ በኋላ ግን ታስሮ ይጠራቀማል። የተጠራቀመውን ከቀረው ፖታሺየም ጋር አስተያይተው ዕድሜውን ያሰሉታል። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት የተባለው በዙሪያዋ ያለው የአመድ ንብርብር በዚህ መንገድ ተለክቶ ነው። ስለዚህ ቆጣሪው ድንጋዩ ራሱ ነው። ሰው ያነበዋል።

ዲፓርትመንት መቀየሩን በተመለከተ አንድ ነገር በግልጽ ልበልሽ። ከአንድ ሚድ ውጤት ተነስተሽ አትወስኚ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። ሌሊቱን ሸምድደሽ ጠዋት የምትጽፊበት አጠናን ሶፍትዌር ውስጥም አያዋጣሽም፤ ኮድ ተሸምድዶ አይጻፍም። ሬጅስትራር ሄደሽ የዝውውር ማመልከቻው መቼ እንደሚያበቃ ጠይቂና ቀኑን ያዢ። ከዚያ ፊልዱን ውጪ፣ በአዲሱ አጠናን ፋይናል ተፈተኚ፣ ያን ጊዜ ወስኚ። ያኔም ልብሽ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ያለ ጸጸት አመልክቺ። ሳይወዱት አራት ዓመት መቀመጥ ጀግንነት አይደለም።

ግን ሁለቱ የተጣሉ አይምሰልሽ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ በሚባለው ቦታ ምድር ተሰነጠቀ። ቅልጥ ድንጋይ ከሥር ገብቶ ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ርዝመት መሬቱን ለሁለት ገፋው፤ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተከፈተ። ይህ የታወቀው በመሬት ላይ በተሄደበት ብቻ አይደለም። ከሳተላይት በራዳር የተነሱ ምስሎችን፣ ከመሰንጠቁ በፊትና በኋላ ያሉትን፣ በኮምፒውተር እያነጻጸሩ ነው መጠኑን ያወቁት። ያንን ስሌት የሚሠራ ሰው ኮድም ድንጋይም ማወቅ አለበት። ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ብዙ የለንም። ማታ ማታ ፓይተን የሚባለውን የኮድ ቋንቋና ጂአይኤስ የሚባለውን በኮምፒውተር የካርታ ሥራ መለማመድ ብትጀምሪ የሚከለክልሽ የለም።

ሥራውንም አላስጌጥልሽም። ጂኦሎጂስት ሁሉ ወርቅና ኦፓል ላይ ተቀምጦ የሚበለጽግ አይደለም። አዲስ ተመራቂ ሥራ እስኪያገኝ ይንከራተታል፤ ሲያገኝም መጀመሪያ የሚላከው ሩቅ ነው። ሥራው ያለው የውሃ ጉድጓድ ላይ፣ መንገድና ግድብ ላይ፣ የሕንፃ መሠረት ጥናት ላይ፣ ሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ፣ ከከርሰ ምድር እንፋሎት ኤሌክትሪክ በማመንጨት ላይ፣ ካርታ ሥራ ላይ ነው። ውሃ ላይ የሠራሁት እኔ አንድ ነገር ልንገርሽ። ለወራት የተደከመበት ጉድጓድ ውሃ ሲያወጣ የአንድ ቀበሌ እናቶች እልል ሲሉ ሰምቻለሁ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ውሃው ወጥቶ ፍሎራይድ በዝቶበት፣ የልጆቹ ጥርስ ቡኒ ሆኖ አይቻለሁ። ፍሎራይዱ ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ የመጣ ነው። ድንጋዩን የሚያውቅ ሰው ቀድሞ ቢጠየቅ ውሃው ሳይጠጣ ይመረመር ነበር።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ውስጥ የተንሸራተተው ተራራ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡት ሰዎች በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ። ይህን ሳስብ አሁንም ያመኛል። ዝናብ የጠገበ ዳገት አንዴ ከተናደ እንደገና ሊናድ እንደሚችል የመግቢያ ኮርስሽ ውስጥ አንድ ምዕራፍ አለ። ያንን ምዕራፍ ለፈተና ብለሽ አታንብቢው። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ለወራት ሲንቀጠቀጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ጥለው ወጥተዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ በሌሊት ከፎቅ ወርዶ ደጅ ቆሟል። ያን ጊዜ ሰው የሚያስረዳው ፈልጎ ነበር። ስምጥ ሸለቆው እየሰፋ መሆኑን ረጋ ብሎ የሚነግረው ሰው።

ወደ ፊልዱ ልመለስ። አምስት ሴቶች መሆናችሁ ጥሩ ነው። እኛ ሁለት ነበርን። ከመሄዳችሁ በፊት አምስታችሁ ተገናኙና አብራችሁ ተዘጋጁ። ዓባይ በረሃ ይሞቃል። ለሰው ሦስት ሊትር ውሃ ያዙ። ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ፣ ሰፊ ሱሪ፣ ትልቅ ነጠላ ወይም ሻርፕ። ሻርፑ ከፀሐይ ያድናችኋል፤ ሽንት ቤት በሌለበትም ሁለት ሆናችሁ ትጋረዱበታላችሁ። ወር አበባሽ ባይደርስም ሞዴስ ያዢ፤ አንቺ ባትፈልጊው ሌላዋ ትፈልገዋለች። አስተባባሪውን መምህር ስለ ማደሪያችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ይሄ ማፈሪያ ጥያቄ አይደለም።

አሁን የምልሽን ግን አጥብቀሽ ያዢው። ቡድን ሲመሰረት ወንዶቹ መዶሻውንና ኮምፓሱን ያነሳሉ። ደብተሩን ላንቺ ይሰጡሻል፤ «ጽሕፈትሽ ያምራል» ብለው። በክፋት አይደለም፤ ግን ልማድ ነው። ስትመለሺ የሚያምር ማስታወሻ ይዘሽ የድንጋዩን ዘመም በራስሽ እጅ ሳትለኪ ትመጪያለሽ። ፈተና ላይ የምትወድቂው ያኔ ነው። ገና ከመኪና ስትወርዱ «በየማቆሚያው ሥራ እንቀያየር» በዪ። ስትራይክና ዲፕ፣ የንብርብሩን አቅጣጫና ዘመም መለካት ማለት ነው፣ በእጅ የሚለመድ ነገር ነው። ዶርም ውስጥ ደብተርሽን መጽሐፍ ላይ አጋድመሽ ተለማመጂው፤ የደብተሩ ተዳፋት ላይ ውሃ ጠብ ብታደርጊ የሚወርድበት አቅጣጫ ዲፕ ነው። እሱን አቋርጦ አግድም የሚሄደው መስመር ስትራይክ።

ማሳ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ሰላምታ ስጡ፤ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ሰዉ ወርቅ የምትፈልጉ ነው የሚመስለው። ቁጭ ብላችሁ አስረዱት። የትኛው ምንጭ በበጋ እንደሚደርቅ፣ የትኛው ዳገት በክረምት እንደሚንሸራተት ከሽማግሌ በላይ የሚያውቅ የለም።

አባትሽን እስካሁን ያቆየሁት ከባዱ እሱ ስለሆነ ነው። ያሉሽን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት። ያሳዘናቸው ጂኦሎጂ አይመስለኝም። አቧራው ነው፣ ሌሊት መነሳቱ ነው፣ ወገባቸው ነው። ልጄ ከዚህ ትውጣ ብለው የተሸከሙትን ነገር ስሙ መልሶ አመጣባቸው። ስለዚህ ጂኦሎጂ ትልቅ ሙያ ነው፣ ብዙ ገንዘብ አለው እያልሽ አትከራከሪያቸው። ጠይቂያቸው። ዛሬ ማታ ደውዪና «አባዬ፣ ከየትኛው ካባ የሚወጣው ቀይ አሽ ነው ሲጠቀጠቅ የሚጸናው? የትኛው ነው ዱቄት የሚሆነው?» በዪ። አባትሽ ይህን ያውቃሉ። ጥቁር አፈር ላይ ያለ አሞላል የተሠራ ቤት ለምን እንደሚሰነጠቅም አይተዋል። አፈሩ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ለዚህ ነው እየቆፈሩ የሚያወጡትና የእሳቸውን ጭነት የሚሞሉበት። መምህርሽ ይህንኑ የሸክላ ማዕድን ብሎ ያስተምርሻል።

የድንጋይ ዕውቀት በእኛ አገር የተናቀ ነገር ሆኖ አልኖረም። አክሱም ላይ ሐውልቱን የጠረቡ ሰዎች ኔፌሊን ሳየናይት የሚባለውን ጠንካራ ድንጋይ መርጠዋል፤ ትልቁ 33 ሜትር ነው። ላሊበላን የፈለፈሉት ደግሞ መሮ የሚቀበለውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አግኝተዋል። ሁለቱም ድንጋያቸውን ያውቁ ነበር። በሴሚስተር ዕረፍትሽ አባትሽ ሲፈቅዱልሽ አንድ ቀን ገልባጩ ላይ አብረሽ ውጪ። ካባው አፍ ላይ ሆነሽ ግድግዳውን እዪ። ንብርብሩን ሳዪ። የሚያውቁትን ይንገሩሽ፣ አንቺም የምታውቂውን ንገሪያቸው። የተቆረጠ ገደል ሥር ግን አትቁሚ።

የዶርሙን ሳቅ ተዪው። ያልፋል።

ሚድሽን ይዘሽ መምህሩ ቢሮ ሂጂ። «የት የት ነው የሳትኩት?» በዪ፤ ማርክ ጨምርልኝ አትበዪ። አብዛኛው መምህር እንዲህ ብሎ የሚመጣ ተማሪ ይናፍቀዋል።

ቡቱን ደግሞ አትግዢ። ያልተለማመደ አዲስ ጫማ በመጀመሪያው ቁልቁለት እግርሽን ያቆስለዋል። ሶሉ የማያንሸራትት፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ ከሲኒየር ተዋሺ። ከተሰጠሽም አንድ ሳምንት ግቢ ውስጥ አድርገሽው ሂጂ። ለጫማው በያዝሽው ብር 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ ግዢበት። ድንጋዩን ወደ ሌንሱ፣ ሌንሱን ወደ ዓይንሽ አስጠጊ፤ ሁሉም ጀማሪ አርቆ እየያዘ ነው ምንም የማይታየው። ክር እሰሪበትና አንገትሽ ላይ አንጠልጥዪው። ኪስ ውስጥ ከገባ ይጠፋል።